አምስተኛው ካርቶን

የልጅቷ አጎት ለጥገና የመጣ የስፌት መኪና ሲረከብ መጀመሪያ የሚያነሣው እርሳስ ነው። ካቻቢቴው ቆይቶ ይደርሳል። ደንበኛዋ መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ «ምን ትላለች?» ይላታል፤ ስለታመመች ልጇ እንደሚጠይቅ ሰው በቀስታ። ከዚያ ከጫማ ካርቶን በተቆረጠች፣ ከመዳፍ በማትበልጥ ቁራጭ ላይ የሰማውን ቃል በቃል ይጽፋል። «ክር ትበላለች።» «ጧት ጧት ታለቅሳለች።» «ወፍራም ልብስ ስታይ ትለግማለች።» አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አያርምም። ካርቶኗን በቀይ ክር መዘውሩ ላይ ያስርና መኪናዋን መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣታል። ክሩ የሚቆረጠው ባለቤቷ መጥታ፣ ራሷ ሰፍታ፣ «አሁን ደህና ናት» ስትል ብቻ ነው። የተቆረጡት ካርቶኖችም አይጣሉም፤ ብስኩት በነበረባቸው ቆርቆሮዎች ውስጥ የሠላሳ ዓመት ሮሮ ተጠቅጥቆ ተቀምጧል።

«በሽታውን የሚያውቀው በሽተኛው ነው፤ የማያውቀው ስሙን ብቻ ነው» ይላል፣ ለምን እንደሚያስቀምጣቸው ለጠየቀው።

የእህቱ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት እየመዘገበች ለእያንዳንዳቸው ቁጥርና ቦታ ትሰጣለች። ሥራው ተስማምቷታል፤ መጽሐፍ ቀና ብሎ ሰው አያይም። መንገድ ላይ የምታውቀውን ሰው ከሩቅ ካየች ሰላምታውን ፈርታ ወደ ማዶ የምትሻገር ልጅ ናት። ድምጿ ከማነሱ የተነሣ አጎቷ «ሹክሹክታ» ይላታል፤ አንድ ነገር ስትናገር ሁለት ጊዜ ማስደገሙ ልማዱ ሆኗል።

መንገድ ዳር የነበረው ሱቅ ከነሕንፃው ሲፈርስ አጎቷ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለት ግቢ አልፎ፣ ከደረጃ ሥር ያለች ክፍል አገኘ። ክፍሏ ጥሩ ናት። መስኮት አላት፤ የውኃ ቧንቧም ደጇ ላይ ነው። ችግሯ አንድ ነው፤ ማንም አያገኛትም። ከጎኑ የምትሠራው ልብስ ሰፊ «እዚህ የሚመጣው መንገድ የጠፋበት ሰውና ድመት ብቻ ነው» ትላለች። በአራት ወር ውስጥ መደርደሪያው ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ክፍት ክፍት ሆነ።

አንድ ቅዳሜ አጎቷ ባዶውን መደርደሪያ በጨርቅ እየወለወለ፣ «አንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ይፈልጋል» አለ። «እስከ መጪው ወር መጨረሻ መልስ ስጠን ብለውኛል። እስከዚያ ድረስ እዚህ ላይ አምስት ካርቶን ታስሮ ካየሁ እቀራለሁ። ካላየሁ፣ ቀሪ ዕድሜዬን የሰው ቁልፍ ስጠብቅ እኖራለሁ።»

ልጅቷ አንድ ነገር አለች።

«ምን አልሽ?»

«ብሎግ እንክፈት፣ ጋሼ። ኢንተርኔት ላይ የምትጽፍበት ቤት ማለት ነው። መኪናዋ የተበላሸባት ሴት ዛሬ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስልኳን ነው። ስልኳ አንተን እንዲያገኝህ ማድረግ ነው።»

«በር ለበር ያለ ሰው ያላገኘኝን ስልክ ሊያገኘኝ?»

«ሰው ያጣውን ስልክ ያገኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ ከደጅ። «ባሌን አንድ ቀን በስልክ አግኝቼዋለሁ። ያውም እዚያ ነኝ ካለበት ሌላ ቦታ።»

ልጅቷ የምሳ ሰዓቷንና ቅዳሜዋን ለዚህ ሰጠች። አጭር አድራሻ መረጠች፤ ለድረ ገጹ ማረፊያ ትንሽ የሰርቨር ቦታ ተከራየች፤ ጽሑፍና ፎቶ የሚያስተዳድር፣ ማንም በነፃ ወስዶ ሊጠቀምበት የሚችል ፕሮግራም ጫነችበት። አጎቷ ከኋላዋ ቆሞ በትከሻዋ ላይ ያያል።

«የማን ፋብሪካ ሥራ ነው?»

«የማንም አይደለም። ክፍት ምንጭ ይሉታል። አሠራሩ በሙሉ ለሁሉም ግልጥ ነው። የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።»

«ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?»

«ብልሽቱን ያየና የሚችል ሰው። ጠግኖ ለሌላውም ያካፍላል።»

አጎቷ ወደ ላፕቶፗ ጎንበስ አለ። ጀርባቸው በብሎን ሳይሆን በሙጫ የተዘጋ አዳዲስ መኪኖች ሲመጡለት ፊቱ ይጠቁራል፤ «አልከፈትም ማለት አላምንህም ማለት ነው» እያለ መኪኖቹን ይወቅሳቸዋል። አሁን ግን ፊቱ ፈታ አለ።

«ጀርባው ይከፈታላ» አለ። «እንግዲያው ይሁን።»

ፕሮግራሙ ሲጫን ከጠየቃት ጥያቄዎች አንዱ ከገጹ ግርጌ ያለች ትንሽ ሣጥን ነበረች፤ የኢንተርኔት መፈለጊያዎች ይህን ድረ ገጽ እንዳይመዘግቡት ይነገራቸው ወይ የምትል። ልጅቷ ምልክት አደረገችባት። ሥራው እስኪያልቅ ነው፤ ልብስ የሚቀይር ሰው መጋረጃ እንደሚስበው። ምልክቱን ስታደርግ ደረቷ ቀለል አላት። ለምን እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ አጎቷ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ወዲያና ወዲህ እያለ አስጻፋት። ርእሱ «የላይኛውና የታችኛው ክር የውጥረት ሚዛን» ሆነ። ልብስ ሰፊዋ አድራሻውን ተቀብላ በስልኳ ከፈተችው።

«ይህን ማን ነው የሚፈልገው?»

«የክር ውጥረት የተዛባበት» አለ አጎቷ።

«እኔ ሃያ ዓመት ስሰፋ ውጥረት የማውቀው ከአማቴ ጋር ነው። መኪናዬ ስትታመም ‹ክር በላችብኝ› ነው የምለው። አንተው ራስህ እንደዚያ ብለህ ጽፈህልኛል።»

አጎቷ ኮስተር አለ። ልጅቷ ግን ዓይኗ ወደ ብስኩት ቆርቆሮዎቹ ሄደ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠቻቸው። ከዚያ የምታውቀውን ሥራ ሠራች፤ ካርቶኖቹን እንደ መጻሕፍት በየወገናቸው አስቀመጠች። «ክር ትበላለች» ያሉ ስልሳ ሦስት። «መርፌ ትሰብራለች» አርባ አንድ። «ወደፊት አልሄድም አለች» ሃያ ስምንት። ሰው በጭንቀት ጊዜ ወደ መፈለጊያ የሚጽፈውን ቃል አጎቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእርሳስ ሲሰበስብ ኖሯል።

«ርእሱን እነሱ ጽፈውልሃል፣ ጋሼ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው መልክ ያዘ። ለአንድ ሮሮ አንድ ገጽ። ርእሱ ከካርቶኑ ላይ እንዳለ ይወሰዳል። መልሱ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይቀመጣል፤ የተጨነቀች ሴት መግቢያ አታነብም። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ፎቶው ምን እንደሚያሳይ በቃል ይጻፋል፤ ማየት የማይችል ሰውም፣ መፈለጊያውም እንዲረዳው። «ክር ትበላለች» ከሚለው ገጽ ወደ «መርፌ ትሰብራለች» መሻገሪያ ተሠራ፣ አንዱ በሽታ ሌላውን ይጠራልና። ከየገጹ ግርጌ መንገዱ ተጻፈ፦ ከማተሚያ ቤቱ በስተጀርባ፣ ሁለተኛው ግቢ፣ ከደረጃው ሥር። «ድመት ካያችሁ ደርሳችኋል» የምትለውን የጨመረው አጎቷ ነው።

«ሁሉን አስተምረሃቸው ማን ሊመጣ ነው?» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«ብሎኑን ራሷ ያጠበቀች ሴት፣ ማጥበቅ ያልበቃ ቀን ማንን እንደምታምን ታውቃለች።»

ሦስት ሳምንት አለፈ። የጎብኚ መቁጠሪያው በየቀኑ ሁለት ይላል። አንዷ ልጅቷ ናት፣ አንዷ ልብስ ሰፊዋ። መደርደሪያው ላይ ያለችው መኪና አንዲት ሆነች፤ እሷም ተጠግና ሄደች። አጎቷ ፒንሳዎቹን እየወለወለ በጨርቅ መጠቅለል ጀመረ።

አንድ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ይዛ ልጅቷ ጋ መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ በሰጠሽኝ አድራሻ ስገባ አለ። ‹ክር ትበላለች› ብዬ ስፈልገው የለም። አዲስ መኪና ግዢ ይለኛል፤ የባሕር ማዶ ቪዲዮ ያሳየኛል፤ እናንተን ግን መፈጠራችሁንም አያውቅ።»

«እስቲ አየዋለሁ፣ እትዬ» አለች ልጅቷ። ላፕቶፗን ከፈተች።

ሣጥኗ እዚያው ናት፤ ምልክቷም አለች። ረሳኋት ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን አልረሳቻትም። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ነገር ስታስተካክል ዓይኗ አርፎባት ነበር። ጣቷም ወደዚያው ሄዶ ነበር። ያኔ የማታውቃቸው ሰዎች፣ ስንትና ስንት ሰዎች፣ እሷ የጻፈችውን ሲያነቡ ታያት። አንድ ጊዜ ላንብበውና ነገ፣ አለች። በማግስቱም ነገ አለች። ወደ ማዶ የሚያሻግራት ያ እግር ጣቷ ውስጥም ገብቶ ኖሯል።

አሁን ምልክቱን አጥፍታ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ኢንተርኔት ጊዜ ይፈልጋል ብትል አጎቷ ያምናታል። የተጠቀለሉትን ፒንሳዎች አየች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እየተባለች ያደገች ናት።

«ጋሼ» አለች። «ሰው ያልመጣው በኔ ጥፋት ነው።»

አጎቷ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እርሳሱን አነሣ።

«ምን ትላለች?»

«ማን?»

በአገጩ ወደ ላፕቶፑ አመለከተ።

«ድረ ገጹ እንዳይገኝ የምትደብቅ ሣጥን አለች። እስክንጨርስ ብዬ ምልክት አደረግሁባት። በኋላ አይቻት ነበር። ነገ አልኩ። ሰው እንዳያየኝ ፈርቼ ነው።»

እርሳሱ ካርቶኑ ላይ ሲሄድ ይሰማል። «አይቻት ነበር፤ ነገ አልኩ፤ ሰው እንዳያየኝ ፈርቼ ነው።» አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ላፕቶፑ መዘውር ስለሌለው ካርቶኗን በቀይ ክር የኤሌክትሪክ ገመዱ ላይ አሰራት።

«አትቆጣኝም?»

«ተቆጥቻት የተስተካከለች መኪና እስከ ዛሬ አላየሁም። ስትጨርሺ መደርደሪያው ላይ አስቀምጫት።»

ምልክቱን አጠፋች። የገጾቹን ዝርዝር ለመፈለጊያው ላከች፤ እዚህ ነን፣ ኑና ቁጠሩን እንደማለት። ለወሩ መጨረሻ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር።

በአራተኛው ቀን መቁጠሪያው ሰባት አለ፣ በማግስቱ ሃያ ሁለት። በስድስተኛው ቀን ፊታቸው ሁሉ የሚስቅ የስፌት መምህርት መኪናቸውን ታቅፈው ከደረጃው ሥር ብቅ አሉ፤ የድሮ ደንበኛ ናቸው።

«ሞቷል ብለውኝ እኮ ነው» አሉ።

«እኔም ሰምቼ ነበር» አለ አጎቷ። «አላመንኩም እንጂ። ምን ትላለች?»

ከሳቸው በኋላ አንድ ድንኳን ሰፊ መጣ፤ ቀጥሎ ሁለት እህትማማቾች በአንዲት መኪና እየተጣሉ መጡ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ደግሞ ደውለው፣ እንደተጻፈው አድርገን ድናለች፣ እግዜር ይስጥልን አሉ። አጎቷ ደስ አለው፤ ግን «ምስጋና መዘውር የለውም፤ ካርቶን አይታሰርበት» አለ።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ቅዳሜ ዋለ። መደርደሪያው ላይ ሦስት መኪኖችና ካርቶን የታሰረባት ላፕቶፕ ነበሩ። አጎቷ ንጹሑን ኮቱን ለበሰ። ፋብሪካው በስምንት ሰዓት ይዘጋል፤ እሱም ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ወጣ።

ያን ጊዜ አንዲት የማትታወቅ ሴት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ተሸክማ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ በሩ ላይ ቆመች።

«ድመቷን አይቻለሁ» አለች። «እዚህ ነው?»

ልጅቷ ወደ ቧንቧው ተመለከተች። አጎቷ አይቷቸዋል። ጀርባውን አዞረና የታጠበውን እጁን እንደገና ሳሙና ይቀባ ጀመር።

«እዚህ ነው» አለች ልጅቷ። ሴትየዋ አልሰማችም፤ ስለዚህ ጮክ አድርጋ፣ «እዚህ ነው፣ ይግቡ። ጠረጴዛው ላይ ያሳርፏት» አለች።

እርሳሱን ካለበት አነሣችው። እርሳሱ ከምታስበው በላይ አጭር ነበር።

«ምን ትላለች?»

«እኔ እንጃ፣ እህቴ። ደህና እየሰፋች ትዘላለች። በተለይ ስቸኩል። ታውቅብኛለች መሰለኝ።»

ልጅቷ ጻፈች። «ደህና እየሰፋች ትዘላለች። በተለይ ስቸኩል። ታውቅብኛለች መሰለኝ።» «መሰለኝ» የምትለውንም አልተወቻትም። በቀይ ክር አሰረችና መኪናዋን አንሥታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻት።

ሴትየዋ ስትሄድ አጎቷ እጁን በፎጣ እያደራረቀ ገባ። አዲሱን ካርቶን ጎንበስ ብሎ አነበበ። ከዚያ መቀሱን አንሥቶ ወደ ላፕቶፑ ሄደ፤ ቀዩን ክር በሁለቱ ስለቶች መካከል አስገብቶ ቆም አለ።

«ባለቤቷ ምን ትላለች?» አለ። «አሁን ደህና ናት?»

ልጅቷ መደርደሪያውን በዓይኗ ቆጠረችው። ከነላፕቶፑ አምስት ነው፤ ያለ እሷ አራት።

«ገና ትንሽ ይቀራታል» አለች።

አጎቷ አላስደገማትም። መቀሱን ወደ ቦታው መለሰ።

«እኔም እንዲያ መሰለኝ» አለና ኮቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።