ክዳን ተዘግቶ የተቀረጸ

የሙያ ጓደኞቹ «ክዳኑ» ይሉት ነበር። ሰው ሁሉ የሌንሱን ክዳን ከፍቶ ይቀርጻል፣ እሱ ግን መጀመሪያ ዘግቶ ነው የሚቀርጸው እያሉ ይስቁበታል። ሐሰት አልነበረም። ለሥራ ሊወጣ ሲል ክዳኑን ገጥሞ፣ ማይክሮፎኑን ሳያጠፋ ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ይቀርጻል። ከሌንሱ ጀርባ ያለችው ሴንሰር፣ ያቺ ብርሃን ተቀብላ ምስል የምታደርግ ቴምብር የምታህል ሰሌዳ፣ እያረጀች ስትሄድ አንዳንድ ነጥቦቿ ይታመማሉ። የታመመ ነጥብ ብርሃን በሌለበት ያበራል፤ የሚለየውም በጨለማ ነው። ከተገኘ በኋላ ካሜራው ሲታዘዝ ይዘጋውና ቦታውን ከዙሪያው ባሉት ነጥቦች ቀለም ይሸፍነዋል።

«ነጥብም ቢሆን ጎረቤት አያሳጣው» ይል ነበር ክዳኑ።

እሱ ሲቀርጽ የምታቀናብረው ሚስቱ ነበረች። እሱ ሳሎን ከካሜራው ጋር፣ እሷ ጓዳ ካስገባችው ኮምፒውተር ጋር፣ በአንድ ቤት ሁለት መሥሪያ ቤት ከፍተው ኖረዋል። አዲስ ሥራ ሲመጣላት መጀመሪያ የምታደርገው ጥቁሩን ቀረጻ መጣል ነበር። ከፍታም አታየው። ምስል የሌለው ነገር ምን ይታያል?

ሲሞት ፊቱ አልጠፋባትም፤ ፎቶ ሞልቷል። የጠፋባት ድምፁ ነው። ቀስ በቀስ፣ ውኃ እንደነካው ጽሑፍ፣ ከጆሮዋ እየደበዘዘ ሄደ። ያሉትን ዲስኮች ሁሉ ከፍታ ፈለገችው። ሙሽሮች ይስቃሉ፣ ሥራ አስኪያጆች ንግግር ያደርጋሉ፣ የእሱ ድምፅ ግን የለም። ካሜራማን በገዛ ቀረጻው ላይ አይናገርም፤ እሱማ ትንፋሹን እንኳ ውጦ ነበር የሚሠራው።

አንድ ቀን ሰሃን እያጠበች ሳለ ትዝ አላት። የሚያወራው ክዳኑን ዘግቶ ሳለ ነበር። ያጉረመርማል፣ ያንጎራጉራል፣ እሷን ይጠራል። የዓመታት ድምፁ ያለው ያኔ ስትጥለው በኖረችው ጥቁር ላይ ነበር። ሰሃኑን አስቀመጠችና እጇ እንደረጠበ ቆመች።

የቀረ ተስፋ አንድ ብቻ ነው፤ ባሏ ከመታመሙ በፊት በመጨረሻ የቀረጸው የምረቃ ሥራ። እሷ ልትነካው ስላልቻለች ካርዱን ወስዶ ሥራውን የጨረሰው የባሏ ታናሽ ወንድም ነበር፤ እሱም ካሜራማን ነው። ካሜራውንም ልትሰጠው ቃል ገብታለት ስለነበር ቅዳሜ ከሰዓት ሊወስድ መጣ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ጠየቀችው።

«የመጨረሻው ሥራ ጥቁር አለህ?»

«ጥቁሩ? ምን ያደርግልሻል እታለም? ጣልኩት።» ፈገግ አለ። «ከሁሉ በፊት ጥቁሩን ጣል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ነኝ» አለችና ተቀመጠች።

ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ምን ሆና እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቃት። «ድምፁ ነበረበት» ብቻ አለችው።

ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። ድንገት የካሜራውን ቦርሳ ወደ ራሱ ሳበ። ወንድሙ በአንድ ካርድ አምኖ እንደማያውቅ፣ በጠራ ሰማይ ጃንጥላ የሚይዝ ሰው እንደነበረ እያወራ የካሜራውን ጎን ከፈተ። ካሜራው ሁለት ካርድ ይጎርሳል፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ይቀርጻል። እሱ የወሰደው የመጀመሪያውን ነበር። ሁለተኛው እዚያው ተቀምጧል።

ካርዱን አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ስክሪኑ ጠቆረ። ወንበር ሲንሿጠጥ ተሰማ፤ ከዚያ ጉሮሮ ሲጠረግ። ከዚያ የባሏ ድምፅ መጣ።

«አንቺ! ነይ እስኪ እዪልኝ። እዚህ ጥግ ያለችው ነጥብ ቀይ ናት ነጭ? ዓይኔ መዋሸት ጀምሯል።»

ከሩቅ የራሷ ድምፅ መለሰ፤ «ቆይ፣ መጣሁ።»

ጠበቃት። በጥርሱ አንድ ዜማ እያዜመ፣ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ጠበቃት። ጥበቃው ረዘመ። ከዚያ ለብቻው ሳቅ አለ።

«መጣሁ አለች እንግዲህ። ይሁን፣ ሥራ ላይ ናት። ሳታያትማ አልሸፍናትም።»

ቀረጻው እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ቀኑን ልታስታውሰው ሞከረች፤ አልመጣላትም። ምን ስታቀናብር እንደነበር፣ ምን አስቸኩሏት እንደነበር፣ ምንም። የባሏ ወንድም ግድግዳውን እያየ ካሜራውን እንደማይወስድ፣ እዚሁ ቤት ቢቀመጥ እንደሚሻል ተናገረ። እሷ ግን እንቢ አለች። ካሜራ እንደ ቤት ነው፣ ሰው ከራቀው ይፈርሳል አለችው። ካርዱን ግን አትሰጠውም።

ከመሄዱ በፊት አንዴ እንዲደግምላት ለመነችው። በዚህኛው ጊዜ መነጽሯን አድርጋ፣ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብላ፣ ባሏ እየጠበቃት ሳለ ጥቁሩን ከጥግ እስከ ጥግ ፈለገች። አገኘቻት። ቀረጻው እስኪያልቅ ከነጥቧ ላይ ዓይኗን አላነሣችም።

ገመዶቹን ጠቅልላ ቦርሳው ውስጥ ከተተችለት፤ ዚፑንም ራሷ ዘጋችው። በር ላይ ሲደርሱ ማሰሪያውን ትከሻው ላይ አስተካከለችለት።

«ከታች በግራ ጥግ ያለችው ቀይ ናት» አለችው። «ለነገው ሥራ ስትወጣ ክዳኑን ገጥመህ ሸፍናት፤ ሰው ፊት ላይ እንዳታርፍ።»

«እሺ እታለም።»