ግንቡ ጫፍ ላይ ያለው መስቀል

"አውርደው!" ሲል ጮኸ ሄናሮ ከታች። "የሕንፃው ባለቤት መንገድ ላይ ነው፤ ሳይደርስ አውርደው!"

ፊደንሲዮ እንዳልሰማ ሆኖ ጡብ መደርደሩን ቀጠለ። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ከሁለት ጣውላ የሠራውን መስቀል በወረቀት አበባ አስጊጦ ግንቡ ጫፍ ላይ በሽቦ አስሮት ነበር። ቀኑ ሜይ ሦስት፣ የግንበኞች የመስቀል በዓል ነዋ! አገራችን ሜክሲኮ ቢሆን ዛሬ አሠሪው ራሱ ይደግስ ነበር፤ መስቀል ያልቆመበት ግንብ ላይም ማንም ደፍሮ አይወጣም። ሂውስተን ላይ ድግሱ ከቀረብን ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ መስቀሉም ሊቀርብን ነው።

ሄናሮ ፎርማናችን ነው። የእኛው ሰው፣ ያውም የፊደንሲዮ አበልጅ፤ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳለት ፊደንሲዮ ነው። የመኖሪያ ወረቀት ካገኘ ወዲህ ግን አነጋገሩ ሁሉ ተለውጧል፤ ምን ይደረግ!

መወጣጫውን እያለከለከ ወጣና ፒንሳ ዘረጋለት።

"አበልጄ፣ በልጅህ ይዤሃለሁ፣ ቁረጠው። ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር አይወድም።"

"ግንቡንስ ወዶታል?"

"ግንቡንማ ወዶታል። ማን እንደሠራው ግን አያውቅም፤ ባያውቅም ይሻልሃል። ወረቀት የለህ! ከዚህ ከተባረርክ በዚህ አፈሳ ማን ደፍሮ ይቀጥርሃል? ኦቲሊያንስ ምን ልትላት ነው?"

"የሚስቴን ነገር ለእኔ ተወው። አበባውን ቆርጣ የሠራችው እሷ ናት።"

ሲሚንቶ የሚያቦካው ሽማግሌው ቤቶ ከታች ጣልቃ ገባ። "ፊደንሲዮ! ካወረድከው እኔ ነገ እዚያ ላይ አልወጣም!"

"አንተ ዛሬስ መቼ ወጣህ?" አለው ፊደንሲዮ። ሁላችንም ሳቅን። ሄናሮ ብቻ አልሳቀም።

"ስማ ሄናሮ፣" አለ ፊደንሲዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ፖሊስ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ልጄ ትምህርት ቤት በዓል ሲኖራት ከበር እመለሳለሁ። በዚህ ከተማ አንገቴን ቀና የማደርገው ግንብ ላይ ስወጣ ብቻ ነው። ይሄንንም ልደብቅ?"

"ኩራት እራት አይሆንም፣ አበልጄ።"

"እኛ ቤት ይሆናል።"

የባለቤቱ ነጭ ፒክአፕ በበሩ ገባ። ሄናሮ "በራስህ ተወጣው!" ብሎ ፒንሳውን እጁ ላይ ጣለለትና ተንደርድሮ ወረደ።

ፊደንሲዮ ወደ መስቀሉ ተጠጋ። አጠገቡ መወጣጫው ላይ የነበርኩት እኔም፣ ታች ያሉትም ሥራ አቆምን። ሽቦውን በፒንሳ ሲይዘው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ይቆርጠዋል ብዬ ነበር። እኔ ብሆን እቆርጠው ነበር።

እሱ ግን ሽቦውን አንድ ጊዜ ጠመዘዘው፤ ደግሞ ጠመዘዘው። መስቀሉን ነቅነቅ አድርጎ ሞከረው፤ ፍንክች አላለም። ከዚያ ሄልሜቱን አወለቀና ባለቤቱ ከመኪናው ሲወርድ ፊቱን በደንብ እንዲያየው መስቀሉ አጠገብ ቆመ።