የዴልፊን ግራ ጉንጭ

ዴልፊን ስትራሃን ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣለች። ኮራሊ ዊትፎርድ ወደ መልበሻ ክፍሉ ስትገባ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም።

«በሩን ዝጊው» አለች። ቃላቱ እርስ በርስ ተጣብቀው ወጡ። ኮራሊ መጀመሪያ የመሰላት በጠዋቱ ጠጥታ ነው።

ሁለቱም ቤታቸው ቱራክ በተባለው የሀብታሞች ሰፈር ነው፤ በእግር ቢሄዱት እንኳ ሩቅ አይደለም። ሆኖም ሃያ ዓመት ሙሉ አንዷ የሌላዋን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። በሜልቦርን የፀደይ የፈረስ እሽቅድምድም በመጣ ቁጥር የጋዜጦቹ ካሜራ የሚሻማው በአለባበሳቸው የታወቁትን እነዚህን ሁለት ሴቶች ነበር። ጠባቸው የተጀመረው ዴልፊን ለአንድ ጋዜጠኛ «ኮራሊ ስትለብስ የሳሎን መጋረጃ እግር አውጥቶ የሄደ ይመስላል» ያለች ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ኮራሊ አበባ ያለበት ጨርቅ ገላዋን አስነክታ አታውቅም።

ባለፈው ክረምት ዴልፊን ድንገት ከሰው ዓይን ጠፋች። ኮራሊ በአንድ የምሳ ግብዣ ላይ «ፊቷን ያስተካከለላት ሐኪም እጁ ተንቀጥቅጦ ይሆናል» ብላ ጠረጴዛውን አሳቀች። ቀልዱ ውሎ አድሮ ወሬ፣ ወሬውም እውነት ሆኖ ከተማውን ዞረ። ዛሬ ጠዋት ግን ስልኳ ጮኸ። የደወለችው ዴልፊን ራሷ ነበረች። «ነይ» ብላት ዘጋችው።

ደጃፍ ላይ የተቀበለቻት የዴልፊን ልጅ ፊሊፓ ነች። «የዛሬው እሽቅድምድም ይቅርብሽ ይበሏት እባክዎ» ብላት ነበር ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔን አልሰማ ብላለች። የግድ እሄዳለሁ ካለችም ዐይነ ርግቡን ታድርግ።»

አሁን ዴልፊን ወንበሯን ቀስ ብላ አዞረች።

የግራ ፊቷ ወርዷል። የዓይኗ ቆብ፣ ጉንጯ፣ የከንፈሯ ጥግ፣ ሁሉም ሚስማሩ እንደለቀቀ ሥዕል ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። የቀኙ ፊቷ ያው የድሮው ነው፤ ኩሩና ስለታም።

«ስትሮክ ነው» አለች ዴልፊን። «ፊቷ ተበላሸ ብለሽ ያስወራሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ።»

«ግማሹ ልክ ነው።»

ኮራሊ ሳቋ መጣባትና ዋጠችው። «ለምን ጠራሽኝ?»

«ልጄ ትዋሸኛለች። አልባሼ ይዋሸኛል። ሐኪሙ እንኳ አምሮብዎታል ይለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልዋሸሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ሃያ ዓመት መች አነጋገርኩሽ?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። በይ አሁን እዪኝና ንገሪኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ኮራሊ አየቻት። ከቤት እንድትቀር ብትመክራት ዛሬ ሜዳው የብቻዋ ነው። ሂጂ ብትላት ደግሞ ነገ ጋዜጣው የሚያወጣው ያንን ጉንጭ ነው፤ ከዚያ በኋላ የዴልፊንን ቀሚስ የሚያይ አይኖርም። ሁለቱም መንገድ ይጠቅማታል። ይህን ያሰበችው ሳታፍር ነው፤ ገበያ ላይ ጨርቅ በጣቷ እንደምትፈትን።

ከዚያ ዓይኗ ወደ ልብሱ ሄደ። ዛሬ የእሽቅድምድሙ መክፈቻ፣ የደርቢ ቅዳሜ ነው፤ የዕለቱ የአለባበስ ወግ ጥቁርና ነጭ ነው፤ አልባሹም ነጭ ቀሚስ አልብሷት ግራ ትከሻው ላይ ትልቅ ጥቁር ጥብጣብ ጠምጥሞበታል። ጠረጴዛው ላይ ባለው ጥቁር ባርኔጣ ጠርዝ እስከ አገጭ የሚወርድ ወፍራም ዐይነ ርግብ ተሰፍቷል። ወርቃማው የዴልፊን ፀጉር ተበጥሮ ግራ ጉንጯ ላይ ተደፍቷል። የከንፈር ቀለሙ የወረደውን ጥግ በግድ ሽቅብ ስቦት የሰርከስ ቀልደኛ አስመስሏታል።

«እንደ ሬሳ ነው የከፈኑሽ» አለች ኮራሊ። «መቀስ አለሽ?»

ጥብጣቡን ቆረጠችው። ዐይነ ርግቡን ከባርኔጣው ተረተረችው። ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ስታስይዘው ከክረምት ጀምሮ ያደገው ሽበት ብቅ አለ፤ እንዳለ ተወችው። ቀለሙን ከከንፈሯ ጠረገችና በአዲስ መቀባት ጀመረች፤ ሽቅብ ሳትስበው፣ ከንፈሩ ራሱ በወረደበት መስመር። ጣቷ የዴልፊንን ግራ ጉንጭ ነካ።

«ይሰማሻል?»

«ምንም።»

ጉንጩ ሞቃት ነበር። ኮራሊ ይህን አልጠበቀችም።

«እንዲስቁብኝ ነው እንዲህ የምታደርጊው?» አለች ዴልፊን በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት።

የኮራሊ እጅ ቆመ። «አላውቅም» አለች። እውነቷን ነበር።

ዴልፊን ራሷን ነቀነቀች። «ለአንቺ አስቤ ነው ብትዪኝ ኖሮ ከቤቴ አስወጣሽ ነበር። ጨርሺ።»

ኮራሊ ሥራዋን ጨርሳ ለብቻዋ ልትሄድ ነበር ሐሳቧ። ደረጃው ላይ ግን ዴልፊን ክንዷን ያዘቻት፤ ግራ እግሯ ይጎተታል። አልለቀቀቻትም። በአንድ መኪና ወጡ።

የፍሌሚንግተን የእሽቅድምድም ሜዳ እንደ ወትሮው ነበር። ሰዎች ከመኪኖቻቸው ኋላ ቀዝቃዛ ዶሮና ሻምፓኝ ዘርግተዋል፤ ጽጌረዳው ፈክቷል፤ ነፋሱ ባርኔጣ ለመንጠቅ ያደባል። ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ሲያልፉ ወሬው ሁሉ መሃል ላይ እየተቆረጠ ቀረ። የሚያውቋቸው መጥተው ሳሟቸው። «እንዴት ያለ ባርኔጣ ነው!» አሉ። «እንዴት ያለ ጥቁር!» ዓይናቸው ከባርኔጣው ጫፍ በታች አልወረደም።

ፎቶ አንሺዎቹ ዘንድ ደረሱ። ሽማግሌዎቹ ዴልፊንን ሲያዩ አንድ በአንድ ካሜራቸውን ዝቅ አደረጉ። በጨዋነት ነው። አንዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት።

በኮራሊ ክንድ ላይ ያሉት ጣቶች ጠበቁ። «ምን ሆኑ?» አለች ዴልፊን። «ሞትኩ እንዴ?»

ኮራሊ በዚህች ሴት ውርደት ላይ የምትቆምበትን ቀን ስንት ጊዜ አልማለች፤ በሕልሟ ግን ማንም ካሜራውን ዝቅ አድርጎ አያውቅም።

«ይቅርታ፣ አንድ ላይ ላንሳችሁ?»

ጫማዋ ጭቃ የነካው፣ ለጋዜጣው አዲስ የሆነች ሴት ነበረች። ከሁለቱ አንዳቸውንም እንደማታውቅ ከፊቷ ያስታውቃል።

«እሷን አንሺያት» ብላ ኮራሊ ወደ ጎን ፈቀቅ ልትል ስትል ዴልፊን አልለቅ አለቻት። ካሜራው ደጋግሞ ጠቅ አለ። ዴልፊን ፊቷን ወደ የትም አላዞረችም።

«ግሩም ነው። ማን ልበል ስማችሁን?»

ዴልፊን አፏን ከፈተች። የመጀመሪያው ድምፅ ምላሷ ላይ ተንሸራቶ ጠፋ። እንደገና ሞከረች። ኋላቸው ያሉት ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ሜዳው መለሱ። ስሙ የኮራሊ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ብትለው ሁሉም ይገላገላል። ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

«ዴል... ዴልፊን። ስትራሃን።»

«ስትራሃን፣ በ‹ሃ› ነው?» አለች ሴትዮዋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ እየጻፈች።

«በ‹ሃ› ነው።»

«እርስዎስ?» ብላ ወደ ኮራሊ ዞረች።

በዚያች ቅጽበት የፈረሶቹ በር ተከፈተ። ሕዝቡ ጮኸ፤ መሬቱ ከእግራቸው በታች መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቆመች። ኮራሊ አፏን ከፍታ፣ ከመናገሯ በፊት ዴልፊንን ዞር ብላ አየቻት። ዴልፊን ፈረሶቹን አላየችም። በዚያ በወረደው ዓይኗም በቀናውም እሷኑ እየተመለከተች፣ ስሟን ከራሷ አፍ ለመስማት እየጠበቀች ነበር።