የሸለቆው ደንበኛ

ከማድሪድ ጎብኚ ጭኜ በማለዳ እወጣለሁ፣ ለራት እመለሳለሁ። አንዳንዴ ሴጎቪያ፣ አንዳንዴ ቶሌዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሸለቆው ነው፤ የእርስ በርስ ጦርነቱን ያሸነፈው ጄኔራል ተራራ አስፈልፍሎ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ የጦርነቱ ዘመን ሙታን ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው የተከማቹበት። ሃያ ሁለት ዓመት ተመላልሻለሁ። ሰው በሙታን እንጀራ ይበላል ወይ ብትሉኝ፣ ይበላል፤ እኔ ልጆች አሳድጌበታለሁ።

ባለፈው ኅዳር ለእናቴ ለቤኒታ ከመንግሥት ደብዳቤ መጣ። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ስለደከመ ምሳ ላይ እኔ አነበብኩላት። አባቷ ሌአንድሮ በጦርነቱ መጀመሪያ ተረሽኖ ከተጣለበት ጉድጓድ፣ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ሳይጠየቅ አጽሙ ወደ ሸለቆው ተወስዷል ይላል። አሁን አውጥተው ሊመልሱላት ስላሰቡ አጽሙን በዘረመል ምርመራ ለመለየት ምራቋን ፈለጉ። እዚያው ስደውልላቸው ግን ሳጥኖቹ በውሃ በስብሰው አጥንቱ ተደባልቋል፣ ብዙ ተስፋ አታድርጉ አሉኝ።

እኔ የማውቀው የአያቴ መቃብር እንደጠፋ ነው። እናቴ ግን ማንኪያዋን እንኳ አላስቀመጠችም። ሳጥኖቹ ወደ ሸለቆው ሊሄዱ መኪና ላይ ሲጫኑ በዓይኔ አይቻለሁ አለችኝ። 

"እና ይኼን ሁሉ ዓመት ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?"

"ብነግርህ ዳግመኛ እግርህን አታነሳም ነበር። አላውቅህም? ግትር ነህ፣ አባትህን ነው የወጣኸው።"

"ባልሄድስ ምን ይቀርብሻል?"

"እኔ ያንን በር አልረግጥም ብዬ ምያለሁ። አባቴ ግን ዘመድ ይፈልጋል። አንተ በሄድክ ቁጥር፣ ዛሬስ ሰው ጠየቀው እያልኩ ነው የምተኛው።"

 ከዚያ፣ አፍራ ይመስለኛል፣ እዚያ ስገባ ምን እንደምናገር ጠየቀችኝ።

የምናገረውን የማድሪድ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። በሐምሌ ቃጠሎ እንግዶቹን ወደዚያ ቀዝቃዛ አዳራሽ አስገባና፣ በከተማችን ኪራይ የማይከፍሉ፣ ሙቀት የማይነካቸው እነዚህ ብቻ ናቸው እላለሁ። ይስቃሉ። ሳይስቁ የቀሩበት ቀን የለም፤ ጉርሻዬም የሚደልበው እዚያ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአያቴ አናት ላይ ቆሜ ሰው አስቄያለሁ።

"ስለ እነሱ ነው የማወራው፣ እማዬ" አልኳት።

"ጮክ በል እንግዲህ። ጆሮው ከባድ ነበር ትል ነበር እናቴ።"

"ጮክ ብዬ ነው የምናገረው" አልኳት።

ይኼኛው እንኳ እውነት ነበር።