የቁልቁለቱ ካሜራ

በኮልፌ ራዲዮ የሚጠግንም የሚያበላሽም ሞልቷል፤ በዛብህ ከሚጠግኑት ወገን ነበር። ሰፈሩ ድምፁ የታፈነ ራዲዮውን ታቅፎ ይመጣል፣ «በዛብህ፣ እስቲ ይቺን ነገር እያት» ይላል፣ ሲድንለት «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። እግዜር ሰጠውም አልሰጠውም ሰውየው ሱቁን በየጠዋቱ ይከፍታል። ዝምተኛ ነው። ሲራመድ ግራ ትከሻውን ጣል ስለሚያደርግ ውሃ የሞላ ባልዲ ያንጠለጠለ ይመስላል። የሰፈር ልጆች እያስመሰሉት ሲስቁ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ ቀበሌ የጠራው። በዚያ ዘመን ቀበሌ ጠራህ ማለት ምን እንደሆነ ለደረሰበት አይነገረውም፤ ያልደረሰበትም ባይሰማው ይሻለዋል። በዛብህ የተጠራው ግን ለጥፋት አልነበረም፤ ለካሜራው ነበር።

ካሜራው ከወዳጅ አገር የመጣ ነው ይባላል። አንድ የበዓል ሰሞን ትልልቅ እንግዶች በአስኮ መንገድ ያልፋሉ ተብሎ ኅብረት ሱቁ ጣራ ላይ ተተከለ፤ ፊቱን ወደ ወንዙ በሚያወርደው ቁልቁለት አዞሩት፤ ሽቦውንም የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ካለ ቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። እንግዶቹ በየት በኩል እንዳለፉ እንጃ፣ በእኛ በኩል አላለፉም። ካሜራው ግን ቀረ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው በሥሩ ሲያልፍ ነጠላውን ያስተካክል ነበር፤ ኋላ ተለመደ፤ ከዚያ ክረምቱ ውሃ አስገባበትና ታወረ።

እሰይ ታወረ፣ ያላለች እናት አልነበረችም። ብሔራዊ ውትድርናው ከታወጀ ወዲህ ወጣት ከገበያ ይታፈሳል፣ ከፌርማታ ይታፈሳል፣ ከለቅሶ ቤት እንኳ ይታፈሳል። ጦር ኃይሎች ድረስ በታክሲ መሄድ ለአንድ ጎረምሳ ቁማር ሆኖ ነበር። የቀረው መውጫ ቁልቁለቱ ነው። ታች ድልድዩ ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ይቆማሉ፤ ግን እነሱም ሰው ናቸውና ይበርዳቸዋል፣ ሻይ ያምራቸዋል፤ ያኔ አንድ ልጅ ሹልክ ይላል። ካሜራ ግን ሻይ አያምረውም።

በዛብህ ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም። አንድ ልጅ አለው፣ ወንድይፍራው የሚባል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ነጥብ ያልመጣለት። እናቱ አጸደ ለቀበሌው «ጎጃም አያቱን ሊያስታምም ሄዷል» ብላለች። ልጁ ግን ጓዳ ውስጥ ከተበላሹ ቴሌቪዥኖች ጀርባ ተጋድሞ ጣራ ሲያይ አምስት ወር ሞልቶታል። ፀሐይ ያጣ ፊቱ ገርጥቷል። ሐሙስ ቀን የአጸደ ወንድም የጭነት መኪናውን ይዞ አስኮ ይመጣል፤ ልጁን አሳፍሮ ጊንጪ ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግዜር ነው። አስኮ ለመድረስ ግን በቁልቁለቱ መውረድ አለበት።

ጓድ መኳንንት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ክፉ ሰው ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገሩ ይቀለን ነበር። ፈሪ ሰው ነበር እንጂ። ከላይ «ይህን ያህል ወጣት አምጣ» ይሉታል፣ ሲጎድልበት እንቅልፍ ያጣል።

«ካሜራው ምን ሆነ፣ ጓድ በዛብህ?»

«ዓይኑ ነው የተቃጠለው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ዓይኑ ደግሞ እዚህ አገር አይገኝም።»

ይህ እውነት ነበር። እውነትና የሚበጅ ነገር አንድ ላይ የሚገጥሙት ስንቴ ነው ብሎ በዛብህ በልቡ ፈጣሪውን አመሰገነ። መኳንንት ግን ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን አወጣ።

«መጣልህ። ዓይኑም፣ አዲስ መቆጣጠሪያ ሳጥንም። ድሮ ለማስተካከል ጣራ ላይ መውጣት ነበር፤ ካሁን ወዲያ ወንበርህ ላይ ቁጭ ብለህ ማቅረብ ነው፣ ማራቅ ነው፣ ማጥራት ነው። ሐሙስ ሕዝቡ ባለበት እንሞክረዋለን።»

«ሐሙስ እንኳ አይደርስልኝም።»

«ጓድ በዛብህ፣» አለ መኳንንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሻጥር የሚለውን ቃል እኔ አልወደውም። ከአፌ አታስወጣኝ።»

በዛብህ ካርቶኑን ታቅፎ ቤቱ ገባ። አጸደ የሆነውን ከሰማች በኋላ ካርቶኑን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ስበረው፤» አለችው። «ከእጄ አመለጠኝ በላቸው።»

«ከሰበርኩት ይወስዱኛል። እኔን ሲወስዱ ቤቱን ይፈትሻሉ።»

«ታዲያ ልትሠራው ነው? ልጃችን የሚወጣበትን ቀዳዳ በገዛ እጅህ ልትደፍነው?»

«እሠራዋለሁ። ስሚኝማ አጸደ። ሐሙስ ሲሞከር ማን ቤቱ ይቀራል? የድልድዩ ጠባቂዎች ሳይቀሩ ትንግርቱን ለማየት አዳራሽ ይመጣሉ። ሳጥኑ ላይ የምቀመጠው ደግሞ እኔ ነኝ። ምስሉን አደብዝዤ እይዘዋለሁ፤ ሰው መሆኑ እንጂ ማን መሆኑ አይለይም። አምስት ሰዓት ላይ ይውጣ። ዓይኑን የያዘው አባቱ ሆኖ ሳለ ማን ያየዋል?»

ደህና ሐሳብ ነበር። እኔም እስከዛሬ ሳወጣ ሳወርደው ደህና ሐሳብ ይመስለኛል። አጸደም ቀስ በቀስ ልቧ ተቀበለው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «ለእትዬ ተናኘ ልንገራቸው? በጸሎት ይርዱን።»

እትዬ ተናኘ አጥር የሚዋሰኗቸው ጎረቤት ናቸው፤ ወንድይፍራው ሲወለድ እትብቱን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ልባቸው ወርቅ ነው፤ አፋቸው ግን ወንፊት ነው። አምስት ወር ሙሉ «የጎጃሙ ልጄ ደህና ነው?» ሲሉ፣ አጸደ «ደህና ነው» ስትል ኖረዋል።

«ምን ነካሽ፣» አለ በዛብህ፤ «ገበያው ሁሉ ወጥቶ እንዲሸኘው ነው? ተይ ይቅር።»

ሐሙስ አዳራሹ ሠርግ ቤት መሰለ። የሴቶች ማኅበሩ መጣ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ኅብረት ሱቁ ተዘጋ። በዛብህ እንዳለውም የድልድዩ ጠባቂዎች፣ ገመቹና ጓደኛው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው ድልድዩን ጥለው መጡ። እትዬ ተናኘ ፊት ለፊት ቦታ ያዙ። በዛብህ ማብሪያውን ሲጫነው ቴሌቪዥኑ ትንሽ ተንጫጫ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ ብቅ አለ፤ በጭጋግ ውስጥ፣ ልክ እሱ እንደፈለገው።

«ደብዛዛ ነው፤» አለ መኳንንት።

«አዲስ ዓይን ነው፣ እስኪሞቅ ነው።»

ጭጋጉ ውስጥ አንዲት ጥላ መውረድ ጀመረች። ፊት የላት፣ ዓይን የላት፤ ጥላ ብቻ። በዛብህ ተነፈሰ። ያኔ እትዬ ተናኘ፣ «ከበደች ናት» አሉ።

«በምን አወቁ እትዬ?» አለ ገመቹ እየሳቀ።

«ከበደች ስትሄድ መሬቱን ትሰድበዋለች እንጂ መች ትረግጠዋለች። ውጣና ጥራት።»

አንዱ በሩ ላይ ወጥቶ «ከበደች» ብሎ ተጣራ። ጥላዋ ቆመች፣ ዞረች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያማ ጨዋታው ደራ። ሌላ ጥላ ሲመጣ አንዱ «ወርቄ ናት» ይላል፣ ሌላው «ኧረ አልማዜ ናት» ይላል፣ ተናኘ ይፈርዳሉ። አንድም አልሳቱም።

በዛብህ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። ሐሳቡ ሁሉ ፊት ላይ ነበር፤ ኮልፌ ግን ሰውን በፊቱ አያውቀውም። ክረምት ከበጋ በአንድ ጭቃ ሲንሸራተት የኖረ ጎረቤት፣ ሰውን ከጀርባው፣ ከአካሄዱ፣ ጃንጥላ ከሚይዝበት እጁ ነው የሚለየው። እሱ ራሱ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሱቁ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ እየሠራ በደጁ የሚያልፈውን በኮቴው ይለያል። እንዴት እንዳላሰበው ግራ ገባው። አምስት ሰዓት ደግሞ ደርሷል።

«ሳጥኑ ሞቋል፤ ትንሽ ላሳርፈው፤» አለና እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

«ተው በናትህ በዛብህ፣ አሁን ገና ጣመን፤» አሉ ከኋላ። መኳንንትም እጁን ያዘው። ደስ ብሎት ነበር፤ ያን ያህል ደስ ብሎት ታይቶ አይታወቅም። «ማንም እንዳይነካው፤» አለ።

ከቁልቁለቱ አናት አንድ ጥላ ብቅ አለ። ረዘም ያለ፣ ግራ ትከሻው ጣል ያለ። በዛብህ ጥላውን አላየም፤ ያየው እትዬ ተናኘን ነው። አይዩት አለ በልቡ። የእኔ እናት፣ ለዛሬ ብቻ አይዩት። ያስነጥስዎት፣ ነጠላዎ ይውደቅ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ እንዲህ ቀስ እያለ እየተራመደ ነው የሚደርሰው።

እትዬ ተናኘ አጨበጨቡ። «ወንድይፍራው! ልጄ ከጎጃም መጥቷል እንዴ? አንተ በዛብህ፣ እትብቱን ለቆረጥኩት ለእኔ ሳትነግረኝ? እዩትማ፣ ቁርጥ አባቱን። ባልዲውን ከነውሃው አወረሰው እኮ።»

አዳራሹ ሳቀ። በዛብህም ሳቀ፤ ፊቱ ላይ የወጣውን ሳቅ መመለሻ አጣለት። መኳንንት ብቻ አልሳቀም።

«ልጅህ ነው?»

«ልጄ ጎጃም ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። በዚህ ጭጋግ ማን ይለያል።»

«እንግዲያው አጥራው። አለመሆኑን አይተን እንገላገል።»

በዛብህ ማጥሪያውን ያዘ፤ ወደ ግራ አዞረው። ጥላው ቀልጦ ከጭጋጉ ጋር አንድ ሆነ። መኳንንት ትንሽ ጠበቀው፣ ከዚያ በትከሻው ላይ እጁን ዘርግቶ እሱ ራሱ ወደ ቀኝ መለሰው። ቀላል ነበር። አዲሱ ሳጥን እንደተባለው ጣራ መውጣት አይጠይቅም፣ ሙያም አይጠይቅም።

ምስሉ ጠራ። አጸደ የሠራችለት ሹራብ ታየ፣ ፀሐይ ያጣው ፊቱ ታየ፣ ብርሃኑ ከብዶት ዓይኑን ሲያጨናብስ ታየ። ልጁ ኅብረት ሱቁ ሥር ሲደርስ ቀና ብሎ ካሜራውን አየው። ከዓይኑ ወዲያ አባቱ እንዳለ ያውቃልና፣ ደህና ሁን እንደማለት ራሱን ዝቅ አደረገና ፈገግ አለ።

መኳንንት ለገመቹ በአገጩ ምልክት ሰጠው። ሁለቱ ጠባቂዎች ወጡ። በዛብህ ሲነሣ አንድ እጅ ትከሻውን ይዞ መልሶ አስቀመጠው። ጩኸት ቢያሰማስ? በሩ ላይ ካልወጡ ልጁ አይሰማም፣ እሱ ደግሞ ተይዟል፤ ሽቦው ምስል ያመጣል እንጂ ድምፅ አይወስድም። ሁለት ጥላዎች ከወደ ግራ ሲገቡ፣ ልጁ ሊሮጥ ሲል፣ ሲንሸራተት፣ ሲያነሡት ሁሉንም ቁጭ ብሎ አየ። እትዬ ተናኘ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ነበር።

በዛብህን አላሰሩትም። «ደብቀህ ነበር ብዬ ባመለክት እኔም እጠየቃለሁ፤» አለው መኳንንት፤ «ይልቅ በየቅዳሜው እየመጣህ መስታወቱን ጥረግ።» ከእሱ በቀር የሚያውቀው ሰው ስለሌለ በየቅዳሜው እየሄደ ይጠርጋል። ወንድይፍራው ማሠልጠኛ ገባ ተባለ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ተላከ ተባለ፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ።

እትዬ ተናኘ በማግሥቱ ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው መጥተው በእነ በዛብህ ደጅ ተንበረከኩ። አጸደ ድንጋዩን አወረደችላቸው። «እርስዎ ምን ያድርጉ፤ እኛ ነን ያልነገርንዎት፤» አለቻቸው። ከልቧ ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን መተያየት አቃታቸው። አሮጊቷም ቤታቸው መቀመጥ ተሳናቸው። በየቀኑ አዳራሽ ይሄዱና ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ። ጠባቂዎቹ መጀመሪያ ሊያስወጧቸው ሞክረው ነበር፤ «ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሲመለስም ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ፤» ሲሏቸው ተዉአቸው። ዓይናቸው ከዕድሜም ከለቅሶም ደክሟል። ምስሉ ምን ቢጠራ ለእሳቸው ጭጋግ ነው።

አንድ ቅዳሜ በዛብህ አስኮ ራዲዮ ሊጠግን ሄዶ ሲመለስ በወንዙ በኩል መጣ። ብርድ ነበር። በዚያ ዓመት ከመክሳቱ የተነሣ የልጁ ጃኬት ልክ መጥቶለት፣ አጸደ አውጥታ አልብሳው ነበር። ጣራው ላይ ወጥቶ መስታወቱን ጠርጎ ወደ ቤቱ ለመግባት ነው ሐሳቡ። ቁልቁለቱን እየወጣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ከአዳራሹ በኩል እልልታ ሰማ። የእትዬ ተናኘ ድምፅ ነው፤ ወደ ቤቶቹ እየሮጠ የሚሄድ እልልታ።

የማን ልጅ ተመልሶ ይሆን፣ አለ በልቡ። ቅናት ያዘው፤ ግን ደግሞ እውነተኛ ደስታ ተሰማው፤ ለአንዷ እናት እንኳ ይሁንላት። እርምጃውን አፋጠነ።

ያኔ አጸደ ከአናቱ ብቅ አለች። ጫማ አላደረገችም፣ ነጠላዋ ወድቋል፣ እጆቿን ዘርግታ ወደ እሱ እየሮጠች ትመጣለች። ልጁ ጓዳ ሳለ አምስት ወር ሙሉ በሹክሹክታ ስትጠራው የኖረችውን ስም እየጮኸች ትጠራለች።

በዛብህ ዞሮ ወደ ኋላው አየ። መንገዱ ላይ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።