አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር

ኢንሹራንሱ አልከፍልም ያለው በአባቴ ንድፍ ምክንያት ነው።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነበር። «ባቀረባችሁት ንድፍ ላይ እንደተመለከተው የአመልካቿ መኪና የፊት ግራ ጎማ የመሀል መስመሩን አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር አልፎ በመገኘቱ ድርጅታችን ለደረሰው ጉዳት ኃላፊነት የለበትም» ይላል። ማስረጃውን ራሳችን አዘጋጅተን፣ በፖስታ አሽገን፣ ሁለት ኮፒ ጨምረን ሰጠናቸው። እነሱ የቀራቸው መፈረም ብቻ ነበር።

እናቴ የሁለት ሆቴሎችን አንሶላ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ በየቀኑ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ታደርሳለች። የዛሬ ወር አንሶላ ጭና ስትሄድ መታጠፊያው ላይ ከፊቷ የመጣ፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ግራ ፓራፋንጎዋን ገነጠለው። እሷ ምንም አልሆነችም። መኪናዋ ግን ጋራዥ ቆማለች። የእናቴ መድን የሦስተኛ ወገን ብቻ ስለሆነ ጉዳቱን መክፈል ያለበት የገልባጩ ኢንሹራንስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንሶላውን በታክሲ ታመላልሳለች። ሁለት ጊዜ አርፍዳለች። ትልቁ ሆቴል ለሦስተኛ ጊዜ ካረፈደች ውሉ እንደሚቋረጥ በጣም በትህትና ነግሯታል።

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት ቀያሽ ነበር። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። በነዚህ ሁለት ዓመታት ቤታችን ውስጥ ያልተለካ ነገር አልቀረም። ፍሪጁ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ መሆኑን የማያውቅ የቤተሰባችን አባል የለም። ሰፈሩ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል፤ እሱም ይሄን እንደ ማዕረግ ነው የሚቆጥረው።

የአደጋው ቀን እናቴ ስትደውልለት «ተጎዳሽ እንዴ?» አለ። «ኧረ ደህና ነኝ» ስትለው «በሉ መኪናውን እንዳትነኩት!» ብሎ ሜትሩን ይዞ ወጣ። ቦታው ላይ የደረሰው ከትራፊክ ፖሊሱ ጥቂት ዘግይቶ ነው። የሜትሩን አንድ ጫፍ ለትራፊኩ ሰጠው። ትራፊኩም ተቀብሎ፣ መንገዱ መሀል ቁጢጥ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ልያዘው?» አለ ይባላል።

ንድፉን ሦስት ቀን ሠራው። ጠዋት ጠዋት፣ ጡረታ ሳይወጣ እንደሚያደርገው፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። እኛ ቆመን እንበላለን። ሲያልቅ የሰሜን አቅጣጫ ቀስት ሳይቀር ነበረው። የመብራት ምሰሶው፣ ቦዩ፣ የአስፋልቱ ስፋት፣ ሁሉም በልኩ። ከግራ ጎማው አጠገብ በቀይ ቀለም፣ በጥቃቅን ቁጥር፦ 14።

ደብዳቤው የመጣ ቀን ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ አሥራ አራቷን ለምን ጻፍካት?»

«ስለነበረች።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ንድፍ አምጡ ነው ያሉት። ንድፍ ማለት ያለውን ነው።»

«በቃ ሌላ ሳል።»

«ሌላ መንገድ ሲሠሩ ሌላ እስላለሁ።»

እናቴ ትተኩስ ነበር። አንዱን አንሶላ ተኩሳ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና ተኮሰችው። ምንም አላለችም። እናቴ ደግሞ ሰው ሲከራከር ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ተናድጄ ስለነበር አላልኩም።

ሐሙስ ሦስታችንም ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄድን። የካሳ ክፍሉ ኃላፊ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የቢሮው በር ዘሞ አይገጥምም፤ ኃላፊው ካስገባን በኋላ በትከሻው ገፋው፣ ተመልሶ ተከፈተ፣ ተወው። አባቴ የበሩን ማጠፊያ አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

ከኃላፊው ወንበር ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ በአራት ስፒል የተወጠረው የአባቴ ንድፍ ነው።

«እርስዎ ነዎት?» አለ ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ። «በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ንድፍ አይቼ አላውቅም። አዲስ ለሚቀጠሩት ልጆች እያሳየሁ ነው የማስተምራቸው።»

«ስፒል ወረቀት ይበሳል» አለ አባቴ። ግን ደስ ብሎታል፤ ጆሮው ቀልቷል።

«የገልባጩ ሾፌር ያመጣውን ልይ» አልኩ እኔ።

ሰጠኝ። ሁለት ሳጥንና አንድ ቀስት ነው። አባቴ ከእጄ ወስዶ ገለበጠው፣ መለሰው።

«ይሄ መኪና ነው?»

«ይመስለኛል» አለ ኃላፊው።

ሾፌሩ መታጠፊያ ላይ ከነጭነቱ በፍጥነት እንደመጣ ተናገርኩ። ኃላፊው በትዕግሥት ሰማኝ።

«እህቴ፣ ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። ግን መስመር ያለፈችው የእናንተ መኪና ናት። ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ አባታችን ናቸው።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። በስምምነት።

«እማዬ፣ በናትሽ አንድ ነገር ተናገሪ!» አልኩ። «መሪውን የያዝሽው አንቺ ነሽ እኮ!»

እናቴ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች።

«እዚያ አልነበረችም» አለች።

«ማን?»

«መኪናዋ። ገልባጩ ሲመታኝ በቀኝ በኩል ቦይ ውስጥ ነው የገባሁት። ሦስት ወዛደሮች ገፍተው አወጡልኝ። ስትወጣ ተንከባላ መሀል አስፋልት ደረሰች። ከዚያ ነው ለሱ የደወልኩት።»

በሩ በነፋስ ትንሽ ተከፈተ።

«እንዳትነኩት ብዬሽ ነበር» አለ አባቴ።

«ያንን ስትል ወጥታ አልቃለች።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ሜትሩን ዘርግተሃል። ትራፊኩን ‹ጠበቅ አድርገው እንጂ!› እያልክ ትቆጣዋለህ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነህ አላየሁህም። ምን ብዬ ላስቁምህ?»

«ሦስት ቀን ስስልስ?»

«ሦስት ቀን ተላጨህ» አለች እናቴ።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ ፋይሉን አገላበጠ። የፖሊሱን ሪፖርት አውጥቶ አነበበልን፦ «በሥፍራው ስንደርስ የአመልካቿ ተሽከርካሪ በሰዎች ተገፍቶ ከቦይ የወጣ ሲሆን…»

«ይሄ እናንተ ጋ ነበር?» አልኩ።

«ነበር።»

«አላነበባችሁትም?»

«አንብበነዋል። ግን የፖሊሱ ሁለት መስመር ናት። የሳቸው ደግሞ…» ወደ ግድግዳው አሳየኝ። የሚያፍርም አይመስልም።

ከዚያ ሥራውን ሠራ። አንድ አጭር ማመልከቻ በኮምፒውተሩ ጽፎ አተመው፦ ንድፉ ከግጭቱ በኋላ የተገፋችውን መኪና እንጂ አደጋው ሲደርስ የነበረውን ሁኔታ አያሳይም፣ ስለዚህ ከማስረጃነት ይነሣልን። ይሄ ከፖሊሱ ሪፖርት ጋር ከተያያዘ ደብዳቤው ተሽሮ ካሳው በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚከፈል ደግሞ በሌላ ወረቀት ላይ በራሱ እጅ ጽፎ ማኅተም መታበት። መፈረም ያለበት ግን ንድፉን የሠራው ሰው ነው።

ማመልከቻውን አባቴ ፊት አኖረው። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። እናቴ አላየችውም፤ የምታየው የግድግዳውን ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ የምትተኩሰው አንሶላ አለ።

«አንድ ነገር ይጨመርበት» አለ አባቴ።

«ምን?»

«‹ልኬቱ ትክክል ነው› የሚል።»

ኃላፊው እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጨመረበት፣ እንደገና አተመው። አባቴ ፈረመ። ከፊርማው ሥር ቀኑን ጻፈ፤ ከቀኑ ጎን ሰዓቱን።

ከዚያ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። አራቱን ስፒል አንድ በአንድ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ንድፉን ጠቀለለ።

«ጋሼ» አለ ኃላፊው፣ «እሱ እኮ ለልጆቹ ማስተማሪያ…»

«የሾፌሩን ስቀልላቸው» አለ አባቴ።

«ቆይ አብረን እንውረድ እንጂ» አለች እናቴ፣ ቦርሳዋን እያነሣች።

አልቆየም። ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ወጣ። በሩን ሲስበው እንደልማዱ አልገጠመም። ከውጭ ሆኖ እጀታውን አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ አነሣው፣ ወደ ራሱ ሳበው፣ ዘጋው። ቀጭ ብሎ ገጠመ።