ሁለት ሰው የሚፈልግ ብስኩት

ይኼኛውም ብስኩት እጇ ላይ ተሰበረ። ጉንቮር ፍርፋሪውን ከጣቶቿ አራገፈችና የሚለበልባትን አውራ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። በሌላው እጇ ማንኪያውን ይዛ ወደ ሊጡ ስትዞር መጋገሪያው ግሎ ይጠብቃታል። አፈሰሰች፤ ሁለቱን ብረቶች እንደ መጽሐፍ ገጥማ ከደነች፤ በጎኑ ቅቤና ሄል የሚሸት እንፋሎት ፍስስ እያለ ወጣ።

ክሩምካከ ለብቻ የሚጋገር ነገር አይደለም። እንደ ወረቀት የሳሳው ክብ ብስኩት ከብረቱ ሲነሳ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል፤ ትንፋሽ ስበው እስኪመልሱ ደግሞ ብርጭቆ ይሆናል። በዚያች መሃል በእንጨቱ ሾጣጣ ላይ ካልተጠቀለለ አለቀለት። ይህ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ደግሞ ሁለት ሁለት እያደረገ ነው የሚያወጣው። አንዱን ስትጠቀልል ሌላው ይደርቅባታል፤ ሌላውን ላድን ስትል የመጀመሪያው ይፈታባታል። ስለዚህ አንድ ሰው ያፈስሳል፣ ሌላ ሰው ይጠቀልላል። በፊዮርዱ፣ በተራሮቹ መሃል በገባው ጠባብ ባሕር፣ ዳር ያሉ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ለገና ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጋግሩት ለዚህ ነው።

የጉንቮር ጥንድ ሲግኒ ነበረች። ነገ የምትቀበረውም ሲግኒ ናት።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ልጇ ሼቲል ነው፤ ከስታቫንገር። ድምፁን ከፍ አድርጋ ከሊጡ ሳህን ጎን አስቀመጠችው።

"እማ፣ ምንድን ነው የሚንኳኳው?"

"እየጋገርኩ ነው።"

"በኅዳር?"

"ለሲግኒ። ከቀብር መልስ ለሚቀርበው። ኦድቢዮርግ ናት ያዘዘችኝ።"

"ለሲግኒ?" አለ ሼቲል። "አባባ ቢሰማ ምን ይል ነበር?"

"አባትህ ሞቷል።"

"አውቃለሁ እማ። ብቻሽን ደግሞ እንዴት ትችይዋለሽ? ሱቅ ሄደሽ በካርቶን ግዢና ሳህን ላይ ደርድሪው። ማን ያውቃል?"

"ሁሉም ያውቃል" አለች ጉንቮር። ክዳኑን ስታነሳ አንደኛው ነዶ ነበር። "ለገና ትመጣላችሁ?"

"እያየነው ነው። የሚስቴ እናትም ትጠብቀናለች፤ ታውቂያለሽ..."

"አውቃለሁ። በል፣ እጄ ሊጥ ነው።"

መጋገሪያውን ሁለቱ ሴቶች አዲስ ሙሽራ ሳሉ አዋጥተው የገዙት ነው። አንድ ዓመት በጉንቮር ማዕድ ቤት፣ በሌላው ዓመት በሲግኒ ማዕድ ቤት ይጋግሩ ነበር። ጉንቮር ታፈስሳለች፣ ሲግኒ ትጠቀልላለች። የሲግኒ ጣቶች እሳት አይፈሩም ነበር፤ ደግሞም አፏ አያርፍም። ከቄሱ ሚስት ጀምሮ የማታማው ሰው አልነበረም፤ ጉንቮር ከሳቋ ብዛት ሊጡን ከብረቱ ውጪ ታፈስሰው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በባሎቻቸው ነው። የሲግኒ ባል ቶርላይፍ የባሕር ዳር መሬቱን ለሳልመን ዓሣ አርቢዎች አከራየ፤ የጉንቮር ባል አርንፊን ከአባቱ ጀምሮ መረብ ይጥልበት የነበረው ቦታ በእርባታው ቅርጫት ተሞላ። አርንፊን በመንደሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ "ባሕር የሚሸጥ ሰው እናቱንም ይሸጣል" አለ። የቶርላይፍ እናት እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች ሰላም አይባባሉም። ሴቶቹ መጀመሪያ ላይ በፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ ሲገናኙ ቀስ ብለው አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር። በኋላ እሱም ቀረ። በዚያው ዓመት ገና ሲደርስ ሲግኒ መጋገሪያውን ልትወስድ አልመጣችም፤ ጉንቮርም ተሸክማ አልሄደችም። የተሳደበው የራሷ ባል እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም። ግን ሚስቱ ናት፤ ከማን ጋር ትሁን?

አርንፊን ሲሞት ሲግኒ ቀብሩ ላይ መጥታ ነበር። ከአጥሩ ጥግ ብቻዋን ቆማ አይታ፣ ሰው ወደ ጸሎት ቤቱ ሳይገባ ሄደች።

ትናንት ኦድቢዮርግ ደውላ "ታርኒና ማግንሂልድ ቂጣና ኬክ ይዘዋል። አንቺ ክሩምካከ" ስትላት ጉንቮር ደነገጠች።

"ሌላ የሚጋግር የለም እንዴ?"

"ሞልቷል። ሲግኒ ግን የአንቺን ነበር የምትወደው" አለችና ስልኩን ዘጋችው። ኦድቢዮርግ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት፤ ክርክር አትወድም።

ጉንቮር እንደገና አፈሰሰች። ከውጪ እርጥብ በረዶ ይወርዳል፤ ገና ከሰዓት ሳለ ፊዮርዱ ጨልሟል። ክዳኑን ልታነሳ ስትል በሩ ተንኳኳ። ሰው በሚገባበት በጓሮ በር ሳይሆን ቄስና ፖሊስ በሚያንኳኩበት በፊት ለፊቱ በር ነው። ሄዳ ከፈተች።

ቶርላይፍ ነበር። ኮፍያውን አላወለቀም። ለዓመታት ከሩቅ ጀርባውን ብቻ ስታየው ኖራለችና እርጅናው አስደነገጣት።

"ኦድቢዮርግ ነገረችኝ" አለ።

"ምን ብላ?"

"ጉንቮር እየጋገረች ነው ብላ። አትጋግሪ ልልሽ ነው የመጣሁት። በቁሟ ያልሰጠሻትን በሬሳዋ ላይ አታምጪ።"

ጉንቮር የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። "እሺ" ልትል አፏን ከፈተች። ግን ከማዕድ ቤት የሚቃጠል ስኳር ሽታ መጣ።

"ብረቱ!" አለችና ሮጠች።

ክዳኑን አነሳች። ነድደዋል፤ ግን ገና ሊድኑ ይችላሉ። አንዱን በቢላዋ ጫፍ አንስታ ሾጣጣው ላይ አሳረፈች። ሁለተኛው በብረቱ ላይ እየጠቆረ ነው። ከጀርባዋ የከባድ ጫማ ድምፅ ሰማች፤ ሳታስበው፣ እንደ ድሮዋ ለሲግኒ እንደምታቀብል፣ ሁለተኛውን አንስታ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

"ያዥልኝ!"

ቶርላይፍ ያዘ። "ሰይጣን ይውሰደው!" ብሎ ጮኸ፤ ብስኩቱን ከአንዱ መዳፉ ወደ ሌላው አንገላታው፤ ሁለተኛውን ሾጣጣ አገኘና በዚያ ጀልባ በሚጎትት ጣቱ እንደ ገመድ ጠመጠመው። ሁለቱም የወጣውን ነገር አዩት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች ጉንቮር። "የመርከብ ጭስ ማውጫ?"

አልሳቀም። ግን አልሄደምም። ሾጣጣውን በእጁ ይዞ፣ ጫማው የቀለጠ በረዶ ወለሉ ላይ እያንጠባጠበ ቆመ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና የሻይ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። በራሱ ቤት ሴቶች ልጆቹ ከኦስሎ መጥተው የትኛው መዝሙር ይዘመር ብለው ይከራከራሉ፤ መልሶ ወደዚያ ለመግባት የቸኮለ አይመስልም።

"ሲግኒ ከፋሲካ ጀምሮ ተኝታ ነበር" አለ። "ልጆቹ አልጋዋን በመስኮቱ አጠገብ አደረጉላት። ምን ታያለች መሰለሽ? የፖስታ ሳጥኖቹን። 'ዛሬ ጉንቮር ቀዩን ኮፍያ አድርጋለች' ትለኛለች። 'ዛሬ እግሯን ታነክሳለች፣ ምን ሆና ይሆን?' ትለኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ?"

ጉንቮር ማንኪያውን አስቀመጠች።

"አንድ ቀን ሳጥኑ ጋ ቆመሽ ወደ ቤታችን ስታይ አየችሽ። ቆመሽ ቀረሽ። 'ልትመጣ ነው' አለች። 'ፀጉሬን አበጥርልኝ' አለችኝ። አበጠርኩላት። መድኃኒቱ ጨርሶት ብዙም ፀጉር አልነበራትም፤ ብቻ አበጠርኩላት።" ኮፍያውን አገላበጠው። "አልመጣሽም።"

ያንን ቀን ጉንቮር ታስታውሳለች። ሰኔ ነበር፤ ከአጥሩ ውጪ ሣሩ ታጭዷል። ሁለት እርምጃ ወደ ላይኛው መንገድ ተራምዳ ነበር። ከዚያ ጋዜጣዋን በብብቷ አድርጋ ተመለሰች፤ ቤቷ ገብታ ጋዜጣውን ሳትከፍተው ዋለች።

"በሩን አንተ ትከፍታለህ ብዬ ፈራሁ" አለች።

"እከፍት ነበር።"

"ከፍተህስ? ምን ትለኝ ነበር?"

መጋገሪያው ባዶውን ግሎ ጠቅ ጠቅ ይላል።

"አላውቅም" አለ ቶርላይፍ። "ክፉ ነገር እናገርሽ ይሆናል። ግን ትገቢ ነበር።"

ይቅርታ ልትል ነበር፤ ግን ይቅርታ የሚባለው ለእሱ አልመሰላትም። ፊቷን ወደ ብረቱ መለሰችና አፈሰሰች፤ ሌላ ማድረግ የምትችለው አልነበረም። ሲወጣ አንዱን እሷ ጠቀለለች። ሁለተኛውን ልታነሳ ስትል እሱ ከወንበሩ ተነስቶ እጁን ዘርግቶ ነበር።

"በጣትህ ጫፍ" አለችው። "ጨፍልቀህ አይደለም። ዓሣ አይደለም አያመልጥህም።"

"ዓሣማ አይፋጅም።"

እንዲህ እያሉ ሄዱ። እሷ አፍስሳ አነሳች፣ እሱ ጠቀለለ። መጀመሪያ የጠመጠማቸው ጎብጠው ነበር፤ ቀስ በቀስ ተቃኑ። ስለ ሲግኒ ሌላ አላወሩም። አንዴ ብቻ፣ ብስኩቱን የሚደረድሩበት ቆርቆሮ ግማሽ ሲሆን፣ "በታኅሣሥ የማዕድ ቤትሽ መብራት ሲበራ 'ብረቱ ጋለ' ትል ነበር" አለ። "በየዓመቱ። ያንቺ መብራት ለምን እንደበራ በምን ታውቃለች? ድንች እየቀቀልሽም ሊሆን ይችላል።"

ድንች ነበር። ጉንቮር ከዚያ ጠብ በኋላ ክሩምካከ ጋግራ አታውቅም። ግን አልነገረችውም።

ሊጡ አለቀ። የተሰበሩት በሳህን ተከምረዋል፣ ደህናዎቹ በቆርቆሮው ውስጥ በወረቀት ተሸፍነዋል። ቶርላይፍ ጣቶቹን በቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዘ፣ አደረቀ፣ ኮፍያውን አደረገ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አምጪው" አለ። "እኔ ግን አልበላም።"

"አትብላ።"

የተከፈተው በር ብርድ አስገባ። የእጅ መብራቱን ይዞ ወደ ላይኛው መንገድ ሲወጣ አየችው፤ የቤቱ በር ሲዘጋ መብራቱ ጠፋ። እሷም ነጠላ ሳህኗን አውጥታ የምትበላው ፈለገች፤ ግን ምንም አላሰኛትም።

በማግሥቱ ጸሎት ቤቱ ሞላ። ከመቃብሩ የተመለሱ ሰዎች ጫማቸውን እያራገፉ ገቡ፤ ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች በነጭ ወረቀት ተሸፍነዋል። ጉንቮር ከገባች ጀምሮ ከጀርባ ካለው ማዕድ ቤት አልወጣችም። ቂጣ ትቀባለች፣ ሲኒ ታጥባለች፣ የቡናውን ትልቅ ማንቆርቆሪያ ትሞላለች። ከሚከፈትና ከሚዘጋው በር ስንጥቅ የሰዎቹን ትከሻ ታያለች። ከሲግኒ ልጆች ትልቋ ራንዲ አንድ ክሩምካከ በሁለት እጇ ይዛ ሳትነክሰው ተቀምጣለች።

"ሂጂ ውጪና ተቀመጪ እንጂ" አለቻት ኦድቢዮርግ። "ሲኒው የትም አይሄድም።"

"እዚህ ይሻለኛል።"

"እስከ መቼ?"

ጉንቮር ውሃውን ከፈተችው።

ቄሱ ጸሎት አደረሰ። በእነዚያ መንደሮች እንደሚደረገው "ስለ ሲግኒ ለመናገር የሚወድ ካለ" ብሎ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሲኒው ውስጥ አየ። በመጨረሻ የመዘምራኑ መሪ ተነስቶ ድምፅዋ ምን ያህል ጥሩ እንደነበር ተናገረ። ራንዲ ሁለት ቃል ብላ አለቀሰች። ከሳልመን እርባታው የመጣ ሰው ስለ ቸርነቷ ወረቀት አነበበ፤ ከእነሱ ማንም እንደማያውቃት ያስታውቃል። ቶርላይፍ በጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጦ የተለበለቡ ጣቶቹን ያሻል።

ከፖስታ ሳጥኑ ወዲያ ስለነበረችው ሲግኒ፣ ስለምታማው፣ ስለምትስቀው፣ በመስኮት የሰው ኮፍያ ቀለም ስለምትቆጥረው ሲግኒ ማንም አልተናገረም። የሚያውቃት ሰው ሲኒ እያጠበ ነው።

"እንግዲህ ሌላ ከሌለ" አለ ቄሱ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ።

ጉንቮር ሽርጧን ፈታች። እጆቿ እርጥብ ስለነበሩ ቋጠሮው ትንሽ አስቸገራት። ለኦድቢዮርግ ስትሰጣት፣ ኦድቢዮርግ ምንም ሳትጠይቅ ተቀበለችና በሩን በክርኗ ከፈተችላት።

በሕይወቷ በሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። በጠረጴዛዎቹ መሃል ስታልፍ ወሬው አንድ በአንድ እየሞተ ሄደ፤ ሰዎች ማን እንደሆነች አይተው ወደ ቶርላይፍ፣ ከቶርላይፍ ወደ እሷ ዞሩ። ባዶ ወንበር አግኝታ ጀርባውን ያዘች። ቶርላይፍ ቀና አለ።

"ከእኔ በር እስከ ሲግኒ በር ሩቅ አይደለም" አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። "ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን አልሄድኩትም።"